ጉድጓዱ እስኪተነፍስ

የደሴንና የቆቦን መንገድ በሚኒባስ የሚመላለስ ሾፌር ደውሎ «ዘሀራ ኩራዝ ትናንት ተቀበረች» አለኝ። ደም ግፊት ነበረባት። ማለዳ ወጥ ቤቷ ውስጥ ወድቃ አገኟት፤ ሆስፒታል ሳትደርስም ሞተች። እንደ ልማዴ ማን አገኛት፣ ማን ወሰዳት፣ የት ተቀበረች ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉንም መለሰልኝ። ከዚያ የምጠይቀው ጠፋኝ።

«ባለፈው ገበያ ለአያ ይማም ምግብ ልካላቸው ነበር» አለ በመጨረሻ።

«በሉላት?»

«መለሱት እንጂ። መቼ በልተውላት ያውቃሉ?»

ዘሀራ ቆቦ ከተማ ከገበያው ጀርባ ምግብ ቤት ነበራት። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ነው። ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም፤ የሚፈልገው ሰው ጠይቆ ይደርሳል። አስፋልቱ ዳር ያሉት ቤቶች የጤፍ እንጀራና ጥብስ ሲያቀርቡ፣ እሷ ጋ የሚገኘው የራያ ቆላ ሰው እቤቱ የሚበላው ነበር። የማሽላ እንጀራ በእርጎ አለ። መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የፈሰሰበት የማሽላ ገንፎ አለ። ክርስቲያኖች በሚጾሙበት ቀን የሱፍ ፍትፍት ይቀርባል። ሥጋ ግን አትሠራም። እዚያ አገር ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ ይኖራል፣ ይዋለዳል፣ አንዱ ሌላውን ይቀብራል፤ አንዱ ያረደውን ግን ሌላው አይበላም።

«ሥጋ ከገባ ገበታው ለሁለት ይከፈላል» ትል ነበር። «እኔ ደግሞ ያለኝ አንድ ገበታ ነው።»

መጀመሪያ ያየኋት የዝናቡን መዘግየት ልዘግብ ቆቦ የወረድኩ ጊዜ ነው። አንድ ወዳጄ «የአገሩን ምግብ ካልቀመስክ ስለ አገሩ ምን ትጽፋለህ?» ብሎ ወሰደኝ። ዘሀራ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ የምታስር፣ አምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ነበረች። የማሽላ እንጀራ አቅርባልኝ ከአጠገቤ ቆመች። ወደ አፌ ሳስጠጋው ከበድ ያለ፣ ወደ ኮምጣጣነት የሚያደላ፣ ዝናብ የነካውን አፈር የሚመስል ሽታ መጣ። እጄን ያዝ አደረግሁ።

«ሸተተህ?» አለችኝ።

«ትንሽ።»

«እንግዲያ አፍንጫ አለህ። ጋዜጠኛ መሆን ትችላለህ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሽታው የጉድጓድ ነበር። የቆላው ገበሬ ማሽላውን ለክፉ ቀን የሚያኖረው መሬት ውስጥ ነው። ጉድጓዱ እንደ እንስራ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ ሆኖ ይቆፈራል። ውስጡ በእበትና በጭቃ ተለቅልቆ ይደርቅና ገለባ ይደለደልበታል። እህሉ ከተሞላ በኋላ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይና በጭቃ ይዘጋል፤ ላዩ ላይ አፈር ይመለሳል። በደህና ከተዘጋ ማሽላው ዓመታት ይቀመጣል፤ ከዳር ዳር ያለው እህል ያንን ሽታ ይዞ ይወጣል። እንግዳ ሰው የተበላሸ ይመስለዋል። ቆላ ተወልዶ ከተማ የገባ ሰው ግን እሱን ፍለጋ ዘሀራ ቤት ይመጣል።

የጉድጓድ አከፋፈት ሥርዓት አለው። አፉ በተከፈተበት ቀን ማንም አይገባም፤ ውሎ ያድራል። ይህንን «ይተንፍስ» ይሉታል። ታፍኖ የቆየ እህል የሚያስቀረው አየር ሽታም ቀለምም የለውም፤ የገባበትን ሰው ግን ጮኾ ለመጣራት እንኳ ጊዜ ሳይሰጥ ይጥላል። በማግስቱ የበራ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። ኩራዙ ከጠፋ መጠበቅ ነው። ካልጠፋ አንድ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ይገባል። ይህን የማያውቅ የቆላ ሰው የለም።

ዘሀራ ማሽላ የምትገዛው አከፋፈቱን በዓይኗ ካየችው ጉድጓድ ብቻ ነበር። ኩራዟን በፌስታል ጠቅልላ፣ ክብሪቷን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ፣ በባጃጅም በእግርም ገበሬው ደጅ ድረስ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ጎብዬ አጠገብ ወዳለ መንደር አብሬያት ሄጄ ነበር። ገበሬው ጉድጓዱን የከፈተው ትናንት እንደሆነ ማለላት።

«ወላሂ እትዬ ዘሀራ፣ ትናንት ጠዋት ነው። እኔ አላውቅም እንዴ? አባቴ ነው ያስተማረኝ።»

«መሐላህን ለራስህ ያዘው። ገመድ አምጣ።»

«ኧረ አቦ! አይጥ ልታጠምጂ ነው ወይስ እህል ልትገዢ?»

«አንተን ልቀብር ነው፤ ይኸው መጥቻለሁ። ገመድ አምጣ አልኩህ።»

ኩራዙ ወረደ፤ ነበልባሉ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ገበሬው መሬት መሬቱን አየ። እሷ አልተቆጣችም፤ ኩራዟን አውጥታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና «ነገ እመለሳለሁ። እስከዚያ ልጆችህን ከዚህ አርቃቸው» ብላው ሄደች። ኩራዝ የሚለውን ቅጽል ያወጡላት እንዲህ ያሉት ገበሬዎች ናቸው። ስትሰማው ትስቅ ነበር።

ወደ ቤቷ ስመላለስ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዘሀራ ከምትሠራው ምግብ አትበላም። ደንበኛ ሲቀንስ ጥግ ላይ ተቀምጣ የምትበላው የእርዳታ ስንዴ ቂጣና የቢጫ አተር ክክ ወጥ ነበር። ደንበኞቿም ይነካኳት ነበር፤ «ለእኛ ማሽላ እያበላሽ አንቺ የፈረንጅ ሆድ አወጣሽ?» ይሏታል። «ለእናንተ ያልሆነውን እየጨረስኩላችሁ ነው» ትላለች።

የስንዴው ከረጢት ላይ የካናዳ ስም ተጽፎ ነበር። ካነበብኩላት በኋላ እንቅልፍ አልሰጠችኝም። እዚያ ያሉ ሴቶች ከዚህ ስንዴ ምን ይሠራሉ? ክኩን በምን ያቁላሉታል? አላውቅም አልኳት። አንድ የድሮ ባልደረባዬ ግን እዚያው፣ ስንዴው የሚዘራበት ሜዳ አገር ይኖራል። አንድ ከሰዓት በኋላ ደወልኩለትና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ሰጠኋት።

«ዳቦ ነዋ እትዬ» አላት። «ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ ገበሬዎች ያስለመዱት አንድ ነገር አለ። ሊጡን ይዳምጡና የተቀቀለ ድንች ጠቅልለው ውሃ ውስጥ ይቀቅሉታል። ከዚያ በቅቤና በሽንኩርት ነው።»

«ቅቤ ካወቁ ሰዎች ናቸው። ማሽላስ?»

«ብርዱ የት ያበቅለዋል? የዓመቱ እኩሌታ በረዶ ነው።»

«ሱብሐነላህ! ታዲያ ያን ጊዜ ምን ይበላሉ?»

«የበጋውን ያስቀምጡታላ። ቤት ያከራዩኝ አሮጊት ከወጥ ቤታቸው ሥር ጉድጓድ አላቸው፤ በመሰላል ይወረዳል። ድንቹም ካሮቱም ክረምቱን የሚያልፈው እዚያ ነው።»

እስከዚያ ድረስ ስትስቅ ነበር። ሳቋን አቆመች።

«ሲከፈት ይተነፍሳል?»

«ምን አሉኝ?»

«ማን ነው ቀድሞ የሚወርደው?»

«የራበው ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ጓዳ ገባች፤ ተመልሳም አልወጣችም። ባልደረባዬ «አስቀየምኳቸው እንዴ?» አለኝ። በሩ አጠገብ ካሳው የሚባል ክርስቲያን ገበሬ ተቀምጦ ነበር። የድሮ ጎረቤቷ ነው፤ በየጊዜው በአህያ እንጨት ያመጣላታል። «ጉድጓድ ባይነሳ ጥሩ ነበር» አለኝና ገንፎውን ሳይጨርስ ወጣ።

በማግስቱ ራሷ ጠራችኝ። ክክ እየለቀመች ነበር። «አንተ እህል አይርብህም፤ የሚርብህ ጥያቄ ነው» አለች። «ና ተቀመጥ።»

ከከተማው ወጣ ባለ መንደር ከባሏ ከመሐመድ ጋር ትኖር ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። የመሐመድ ታናሽ ወንድም ሁሴን ከሚስቱና ከልጁ ጋር አጠገባቸው፣ ካሳው ከነልጆቹ ከአጥሩ ማዶ ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ገበያው ተዘጋ፣ ወፍጮውም ቆመ። የታጠቁ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ እህል ይወስዱ ነበር። ያልተወሰደው የመሐመድና የካሳው የጋራ ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ አፉ በፍየል በረት ሥር ነው፣ ላዩ ላይ የፍየሎቹ በጠጥ ተከምሯል። ቤት ውስጥ ያለው ሲያልቅ ልጆች ቅጠል እየተቀቀለላቸው መብላት ጀመሩ። ጉድጓዱን መክፈት ግድ ሆነ። ከፍቶ ማሳደር ደግሞ ለታጠቁት ማሳየት ነው።

«ጎህ ሲቀድ ከፈትነው» አለችኝ። «ይተንፍስ ብንል ይታያል። ስለዚህ እኔ ‹ግባ› አልኩት። ‹ግባ፣ ቶሎ በል› አልኩት። ገባ። ድምፅ አላሰማም። ሁሴን ‹ወንድሜ› ብሎ ተከተለው። እሱም ድምፅ አላሰማም።»

ካሳው ሦስተኛ ሆኖ ሊገባ ሲል ጋቢውን ጎትታ ጣለችው። ሲታገላት ክንዱን ነከሰችው፤ እስኪተዋትም አልለቀቀችም። ሬሳዎቹ የወጡት ጉድጓዱ ከተነፈሰ በኋላ ነው።

«እህሉስ?» አልኳት።

«እህሉማ ወጣ። ታጠበ፣ ተቆላ፣ በድንጋይ ተፈጨ። እኔው ነኝ የሠራሁት። ባሎቻችን ሞቱበት ብለን ልጆቹን እንግደል? የሰፈሩ ሰው በላ። ለእኔ ግን ማሽላ ከዚያ ወዲህ ከጉሮሮዬ አይወርድም።»

ለቅሶው ላይ የመሐመድና የሁሴን ታላቅ ወንድም አያ ይማም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ሳይተነፍስ ግባ ያለው ማን ነው? ዘሀራ «እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሏ ዘመዶች ከእጇ መብላት አቆሙ። በራያ ከሰው እጅ አልበላም ማለት ዝምድናውን መቅበር ነው፤ እሷ ደግሞ ምግብ ከመሥራት ሌላ ሙያ አልነበራትም። ከተማ ገብታ ያን ቤት ከፈተች። አያ ይማም በገበያ ቀን ሽንኩርት ይዘው ቆቦ ይመጣሉ። እሷም በገበያ ቀን ሁሉ፣ ጠርዙ ሰማያዊ በሆነ የብረት ሳህን የማሽላ እንጀራ በእርጎ አድርጋ፣ በሌላ ሳህን ከድና ትልክላቸው ነበር። ሳህኑ ክዳኑ ሳይነሳ ይመለሳል። አንድ ቀን ራሴ ወስጄላቸዋለሁ። ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩኝም። «ንገራት፣ ጠግቤያለሁ» ብቻ አሉ። ሳህኑን ስመልስላት ክዳኑን በጣቷ ነካ አደረገችና «ዛሬስ ተናገሩ ወይ?» አለችኝ። ያሉትን ነገርኳት። «አልሐምዱሊላህ፤ ጠግበዋል» ብላ ምግቡን ለሌላ ሰው አቀረበችው።

ሥራዬ አንድ ሰው የነገረኝን ከሌላው ማጣራት ነውና ካሳው ቤት ሄድኩ። የክንዱን ጠባሳ አሳየኝ፤ የጥርሶቹ ረድፍ እስካሁን ይታያል። የነገረችኝን ሁሉ አንድ በአንድ አረጋገጠልኝ። «ግባ ያለችው እሷ ናት?» ስለው ግን ፊቱን ወደ አህያው መለሰ።

«ከእሷ ሰምተህ የለ?»

«ከአንተም ልስማ ብዬ ነው።»

«እሷ ያለችው ይበቃል።»

ስለ ጉድጓዱና ስለ ሁለቱ ሟቾች ጻፍኩ። ማን ግባ እንዳለ ግን አልጻፍኩም። በሚቀጥለው ጉዞዬ ዘሀራ በር ላይ ጠበቀችኝ። አንድ ሰው አንብቦላት ነበር።

«ለምን ቆረጥከው? እኔ ነኝ ያልኩት አላልኩህም?»

«ከሁለተኛ ሰው አላረጋገጥኩማ፣ እትዬ።»

«ሁለተኛው ሰው መሬት ውስጥ ነው። ሦስተኛውም። ሂድና ጠይቃቸው።»

«ካሳው አለ…»

«ካሳውን ተወው!»

ስትጮኽ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ደንበኞቹ ሁሉ ቀና አሉ። ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ግባ፣ ገንፎው ሳይበርድ ብላ» አለችኝ። የሁሴን ልጅ አድጎ፣ ያን ጠዋት ጉድጓዱ አፍ ላይ ማን ማን እንደነበረ በየመንደሩ መጠየቅ መጀመሩን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጩኸቷንና የልጁን ጥያቄ አላያያዝኳቸውም።

ለቅሶው ቤት የደረስኩት ዱዓ ተደርጎ ሰው ለሰደቃ በተቀመጠበት ሰዓት ነው። ጎረቤቶች የማሽላና የባቄላ ንፍሮ ያዞራሉ። አያ ይማም ከድንኳኑ መግቢያ አጠገብ፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው የሁሴን ልጅ አለ። ንፍሮው ሲደርሳቸው በእጃቸው አሳለፉት። ካሳው ከወንዶቹ መሀል ተነሣና ፊታቸው ቆመ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ነበር።

«አያ ይማም፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ተናገር።»

«መሐመድን ግባ ያለችው ዘሀራ አይደለችም። እሷማ ‹ይተንፍስ፣ ዛሬን በረሃብ እንደር፣ ቢወስዱትም ይውሰዱት› ብላ ነበር። መሐመድም ሊሰማት ነበር። እኔ ነኝ ‹ፈራህ እንዴ?› ያልኩት።»

አንድን የራያ ሰው ሚስቱና ታናሽ ወንድሙ ባሉበት «ፈራህ እንዴ?» ማለት ምን እንደሆነ እዚያ ለተቀመጠ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። እንዲህ የተባለ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም። የተናገረው ሰው ደግሞ ደም አለበት።

«ልጆቼ ሲያለቅሱ አድረው ነበር» አለ ካሳው። «አፌ አመለጠኝ። ለቅሶው ላይ ልናገር ስነሣ በሴቶቹ በኩል አስጠራችኝ። ‹ሦስተኛ ለቅሶ የምቀመጥበት ጉልበት የለኝም፤ ዝም በል› አለችኝ። ልጆቼ ትንንሾች ነበሩ። ዝም አልኩ። እርስዎ ሳህኗን ሲመልሱ በየገበያው እያየሁ ዝም አልኩ።»

የሁሴን ልጅ ብድግ አለ። አያ ይማም ምርኩዛቸውን ደረቱ ላይ አስደግፈው «ተቀመጥ!» አሉት። «ይህ የአባጋር ነገር ነው። ሽማግሌ ይቀመጥበታል። የሟች ድንኳን ውስጥ አይሆንም።» ልጁ ለመቀመጥ ጊዜ ወሰደበት። አባጋር የሚባሉት የሁለቱም ሃይማኖት የእርቅ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ይህን በምጽፍበት ጊዜም ጉዳዩ በእነሱ እጅ ነው። ልጻፈው ወይ ብዬ ካሳውን ጠይቄው ነበር። «የእሷን ቃል ሳላጣራ አልጽፍም ብለህ የለ? ይኸው ተጣራልህ» አለኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ካሳው እንደቆመ ነበር፤ ተቀመጥ ያለው ሰው አልነበረም። አያ ይማም ምግብ ወደምታዞረው ጎረቤት ዞሩ።

«ከእጇ የቀረ ነገር አለ?»

«ንፍሮ አለ፣ አያ።»

«ንፍሮውማ የእናንተ ነው። ከእሷ እጅ ነው ያልኩት።»

ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ዕቃ ሲነሣና ሲቀመጥ ይሰማ ነበር። አቡክታው የነበረው ሊጥ ሻግቶ ተደፍቷል። እርጎውም ተደፍቷል። በመጨረሻ ከግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት አገኙ፤ ውስጡ ያደረቀችው የማሽላ ድርቆሽ አለ። እዚያው እጃቸው በገባው ሳህን አድርገው አመጡላቸው። ጠርዙ ሰማያዊ ነበር።

አያ ይማም አንድ ቁራሽ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ጥርሳቸው አልቋል፤ ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አገላብጠውት አልሆነላቸውም።

«ውሃ አፍስሱበት» አሉ።

ውሃው ሲፈስበት ሽታው ተነሣ፤ እኔ ጋ ድረስ መጣ። አጠገባቸው የነበረ አንድ የከተማ ሰው «የጉድጓድ ነው እኮ አያ፣ ይሸታል፤ ሌላ እናምጣልዎት» አላቸው።

«የመሐመድ ቤት እንዲህ ነበር የሚሸተው» አሉና በአምስት ጣታቸው አነሡ።

በዝግታ በሉ። ሲጨርሱ ሳህኑን ከድንኳኑ ወደ ወጥ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። የምትቀበለኝ አልነበረችም፤ ባዶውን ሳህን የወደቀችበት ምድጃ አጠገብ አስቀምጬው ወጣሁ።